የማጽናኛ ጥቅስ ሲያናድደኝ ምን ላንብብ?

ስፌተኛዋ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ዓመት ሙሉ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ትእዛዝ ቀነሰ ተብሎ ከስምንት ወር በፊት ከተሰናበቱት አንዷ ነኝ። እሱ ሳይበቃ ሰኔ ላይ ባለቤቴን ስትሮክ መታው። ንግግሩ ተመልሷል፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን እስከ ዛሬ እምቢ እንዳሉ ናቸው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከአገር አገር ሲዞር የኖረ ሰው። ከሆስፒታል የወጣ ቀን ሰዎች ተሸክመው ካስገቡት ወዲህ ደረጃውን ወርዶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ወደ ፈጣን መንገዱ መግቢያ ያያል፤ ወደ አዳማ የሚሄዱትን የጭነት መኪኖች ይቆጥራል። ማታ ቁጥሩን ይነግረኛል። እኔ የሰው ልብስ እያጠበብኩና እያሳጠርኩ የዕለት ወጪያችንን እሸፍናለሁ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ በቀሩት ቀናት ጄሪካን አዝዬ አራት ፎቅ እወጣለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በየማለዳው ስልኬ ላይ ጥቅስ ይላክልኛል። ከእህቴ፣ ከድሮ የሥራ ጓደኞቼ፣ ከማላውቃቸውም ሰዎች። ከጀርባው ሁልጊዜ የፀሐይ መውጫ አለ። በዚህ ወር ብቻ ኤርምያስ 29፥11 ሰባት ጊዜ ደርሶኛል። ያ “የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም” የሚለው። በመጀመሪያው አለቀስኩ፣ በሦስተኛው ዝም አልኩ፣ በሰባተኛው ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ። የታሰበልኝ የሰላም አሳብ ይህ ከሆነ የክፉው ምን ሊመስል ነው?

ከዚያ ራሴ ላንብብ ብዬ ከዘፍጥረት ጀመርኩ። ዘሌዋውያን 13 ላይ፣ ስለ ለምጽ ምልክት የሚዘረዝረው ጋ ስደርስ እጄን ሰጠሁ። ተስፋ የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ከየት ይጀምራል? እባካችሁ ጥቅስ አትላኩልኝ።

---

የማለዳ አንባቢ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4፡52

እህቴ፣ ጥቅስ አልልክልሽም። ግን ያንኑ ሰባት ጊዜ የደረሰሽን ምዕራፍ ከቁጥር 1 ጀምረሽ አንብቢው።

ኤርምያስ 29 ደብዳቤ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለገቡ ሰዎች የተጻፈ። ከእሱ በፊት ያለውን ምዕራፍ 28ን ካየሽ ሐናንያ የሚባል ነቢይ “በሁለት ዓመት ሁሉም ይመለሳል” ብሎ ለሕዝቡ ሲናገር ታገኚዋለሽ። በዛሬው ዘመን ቢሆን የፀሐይ መውጫ ሥዕል የሚለጥፈው እሱ ነበር። ኤርምያስ ግን ሐሰት ነው አለ። በደብዳቤው የጻፈላቸው ሰባ ዓመት ነው። አስቢው፤ ያን ደብዳቤ ሲነበብ ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ አገራቸውን ሳያዩ እንደሚሞቱ ተነገራቸው ማለት ነው። ከዚያ በፊት፣ ቁጥር 5 ላይ፣ ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ፣ ፍሬውን ብሉ ይላል። ቁጥር 7 ላይ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ይላል። ያንቺ ጥቅስ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። “ለእናንተ” የሚለውም ለብዙ ሰው ነው፤ ለብቻው ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ለአንድ ሰው የተላከ መልእክት አይደለም።

እኛ ከመሀል ከተማ ሰፈራችን ፈርሶ ወደዚህ ስንመጣ “ለጊዜው ነው” እያልን ሦስት ዓመት መጋረጃ ሳንሰቅል ኖርን። አንሶላ በሚስማር። ይህን ምዕራፍ ከጎረቤቶቼ ጋር ያጠናን ሳምንት ነው መጋረጃ የገዛሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ “የኤርምያስ መጋረጃ” ይለዋል።

---

መስኮት ዳር
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ እዚህ የምገባው ለቀልድ ነው፤ ስለዚህ ብትቀየሙኝም ልናገር። መጽሐፍ ማንበብ ኪራይ አይከፍልም። እህቴ፣ ከኤርምያስ በፊት የኪራይ ውልሽን አንብቢ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል፤ አከራይም ባሰኘው ጊዜ እንዳሰኘው ዋጋ መጨመር አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ካልተመዘገበ ነገ ወረዳ ሂጂ። ተስፋ ማለት ለእኔ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

---

የማለዳ አንባቢ
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡40

መስኮት ዳር፣ ሳታስበው የያዕቆብን መልእክት ጠቀስህ። ምዕራፍ 2፣ ቁጥር 15 እና 16ን አንብብ። ልብስና የዕለት ምግብ ያጣን ሰው “በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ” ብሎ መሸኘት ምን ይጠቅማል ይላል። ስለ ውሉ እውነቱን ነው እህቴ፣ ሂጂ።

---

መስኮት ዳር
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡44

ያዕቆብን አላውቀውም፤ ግን ጥሩ ሰው ይመስላል።

---

የዳዊት ደጋሚ
ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 9፡30

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ አቃቂ የምኖር፣ ዓይኔ የደከመ፣ ይህንንም የልጅ ልጄ የሚጽፍልኝ ሽማግሌ ነኝ። የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያ ዳዊትን በግእዝ ደገምሁ። ትርጉሙን ሳላውቅ ነው የደገምሁት። ትርጉሙ የገባኝ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ፣ የመጀመሪያ ልጄን የቀበርሁ ጊዜ ነው። ቃሉ ቀድሞ በአፌ ባይቀመጥ ኖሮ በዚያ ቀን ከየት አመጣው ነበር እላለሁ።

ስለ ንዴትሽ አትፈሪ። ልቅሶ ቤት ሄደሽ ታውቂያለሽ። ልቅሶ ደራሽ ሲገባ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ገና ከበሩ “አይዞሽ፣ ለበጎ ነው” የሚል ሰው ሥርዓት አላወቀም ይባላል። የኢዮብ ወዳጆች ይህንን ያውቁ ነበር፤ በምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ከእርሱ ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቃልም አልተናገሩም። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። ኋላ በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በሚያማርረው በኢዮብ አይደለም፤ እግዚአብሔርን በመከላከል ብዙ በተናገሩት በኢዮብ ወዳጆች ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ያ ሁሉ ምሬት ተጽፎ፣ ቅዱስ ተብሎ ተቀመጠልን።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከዳዊት ጀምሪ። አባቶች ለሳምንቱ ከፍለውታል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እያለ እስከ ቅዳሜ 150 ይደርሳል። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። አሥሩን መዝሙር “አንድ ንጉሥ” እንለዋለን። አንቺ ንጉሥ አያስፈልግሽም፤ በቀን አንዲት መዝሙር ትበቃሻለች። 87ኛውን አትዝለዪ፤ አዲሶቹ እትሞች 88 ብለው ይቆጥሩታል። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙራት አልቅሰው አልቅሰው መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይህኛው አይዞርም። ወዳጄንና ባልንጀራዬን ከእኔ አራቅህ ብሎ ያበቃል። ብቻውን የቀረ ሰው ጸሎት ነው፤ እንዲህም ሆኖ ጸሎት ተባለ።

---

ሰማያዊ ሚኒባስ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡05

እኔ ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ የምሠራ የታክሲ ሾፌር ነኝ። አባታችን የጻፉትን ተራ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ረዳቴ “ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?” አለኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የመኪናዬ የኋላ መስተዋት ላይ ፊልጵስዩስ 4፥13 ተለጥፏል፤ “ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ”። መኪናውን ስገዛ ተለጥፎ ያገኘሁት ነው። ዛሬ የማለዳ አንባቢ ሙሉ ምዕራፉን አንብቢ ስትላት እኔም የራሴን ጥቅስ ልይ ብዬ ከፈትኩ። ለካ ጳውሎስ ይህን የጻፈው እስር ቤት ሆኖ ነው! ከጥቅሱ በፊት ያለው ስለ መራብና ስለ መጥገብ፣ ሁለቱንም ስለ መልመድ ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ መኪና እንደምገዛ የተነገረኝ መስሎኝ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ቁጥር 14 ነው። “ሁሉን እችላለሁ” ካለ በኋላ ወዲያው በመከራዬ ስለተካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ ይላቸዋል። ገንዘብ ልከውለት ነበር። ሁሉን የሚችለው ሰው የሰው እርዳታ ተቀብሏል ማለት ነው።

ቁጥር 14ን ደግሞ ማሠራት አማረኝ፤ መስተዋቱ ግን ሞልቷል።

---

የጸበል ልጅ
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 2፡20

እህቴ፣ ይህ ሁሉ ንባብ ምን ያደርግልሻል? ባለቤትሽን ጸበል ውሰጂው። ኪኒኑንም ይተው፤ እምነትና ኪኒን አብረው አይሄዱም። እኔ ያየሁት ተአምር አለ።

---

ፊዚዮ
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 2፡31

እባክሽ ኪኒኑን እንዳያቋርጥ! የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታው ሰው የደም ግፊት መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሲተው ለሁለተኛው እየተዘጋጀ ነው። ጸበል መሄድ የእናንተ ፈንታ ነው፤ መድኃኒቱን ግን ከሐኪሙ ሌላ ማንም አያስቆመውም።

ሌላም ልጠይቅ። እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎቱ እንዴት ነው? “ምነው በሞትኩ” ይላል? ከስትሮክ በኋላ ድብርት በጣም የተለመደ ነው፤ ይታከማልም። የእምነት ማነስ አይደለም።

---

የዳዊት ደጋሚ
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 6፡10

የጸበል ልጅ፣ እኔም ጸበል የምጠመቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እርሱ ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ይላል። ይህን መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራዋለች። መድኃኒት ተው ያለ አባት አላውቅም።

---

የማለዳ አንባቢ
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 6፡25

አባቴ፣ በእኔ መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ውስጥ ሲራክ የለም፤ ግን ቆላስይስ 4፥14 አለ። “የተወደደው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ” ይላል። ወንጌል ጸሐፊው ሐኪም ነበር። ስለዚህ በ81ም በ66ም ኪኒኑ አይቋረጥም።

---

አወያይ
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 8፡00

ስለ ቀኖና መጻሕፍት ብዛት የተጻፉ አሥራ አንድ አስተያየቶችን አንሥቻለሁ። ስለዚያ ሌላ ክር አለ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አላለቀም። እዚህ እንድትቀጥሉበት አልፈቅድም። እህታችን የጠየቀችው ሌላ ነው።

---

ስፌተኛዋ
ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 4፡30

ይህን ያህል ሰው ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። አባቴ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ውሉን ወረዳ ወስጄዋለሁ፤ መስኮት ዳር፣ አመሰግናለሁ፣ ወረፋው ግን እንደ ባቢሎን ነው።

ኤርምያስ 29ን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ሆኖ ይሰማል። ቁጥር 5 ላይ ስደርስ “አታክልት ትከሉ ይላል? አራተኛ ፎቅ ላይ?” አለኝ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዱ ነው። በማግስቱ የዘይት ጄሪካን ቆርጬ ጤና አዳም ተከልኩ። እሱ በግራ እጁ ውኃ ያጠጣዋል፤ ከሚገባው በላይ ያጠጣዋል።

87ኛውን መዝሙር ግን ብቻዬን ነው ያነበብኩት፣ ማታ፣ እሱ ከተኛ በኋላ። ምን እንደተሰማኝ በቃል መግለጽ ይከብደኛል። የተጽናናሁ አይመስለኝም። ግን ስልኬን አልወረወርኩም።

ፊዚዮ፣ ለጥያቄሽ፦ አዎ፣ ይላል። ልጆቹ ሲተኙ ይላል።

---

ፊዚዮ
ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 4፡41

እንግዲያውስ በሚቀጥለው የሆስፒታል ቀጠሮ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ሳትደብቁ። ቀጠሮው ከሩቅ ከሆነ አትጠብቁ። እሱ ወርዶ መሄድ ባይችል አንቺ ቀድመሽ ሂጂና አስረጂ።

---

የማለዳ አንባቢ
ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 5፡02

ቀጥሎ የምታነቡትን ልጠቁም? መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19፤ አባታችን “ነገሥት ሣልስ” የሚሉት ነው። ኤልያስ ከትልቅ ድል ማግስት ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። ዕብራይስጡ የሚለው የበረሃ ቁጥቋጦ ነው፤ የእኛ ተርጓሚዎች ግን ገጠር ያደገ ሁሉ የሚያውቀውን ክትክታ አደረጉት፤ ደግ አደረጉ። አሁን ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር አልገሠጸውም። “አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት?” አላለውም። መልአኩ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንደገና ሲተኛም ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። “መንገዱ ይበዛብሃል” አለው። ንግግሩ የመጣው ከአርባ ቀን በኋላ ኮሬብ ተራራ ላይ ነው። ሞቴን አምጣልኝ ላለ ሰው የመጀመሪያው መልስ ምግብና እንቅልፍ ሆነ።

---

ስፌተኛዋ
ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 3፡50

አነበብንለት። “እንጎቻ” የምትለዋን ሲሰማ እናቱን አነሣ። እናቱ ከምጣዱ ጠርዝ ለእሱ ብቻ እንጎቻ ትጋግርለት እንደነበር አጫወተን፤ ልጆቹ ሰምተውት አያውቁም ነበር። ቅዳሜ እኔም ጋገርኩለት። ሐኪሙ ዘንድም ሄጄ ነገርኩ፤ እሱን ራሱን አምጪው አለኝ። አሁን ያለው ችግር ይኸው ነው፤ እንዴት ላውርደው? 72 ደረጃ ነው። ልጆቹ ቆጥረውታል።

---

ሰማያዊ ሚኒባስ
ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 4፡00

ቀጠሮው መቼ ነው? መኪናዋ አለች።

---

የዳዊት ደጋሚ
ጥቅምት 25፣ ከጠዋቱ 3፡15

ልጄ፣ ማርቆስ 2ን አንብቡ። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ ሕዝቡ በሩን ስለዘጋባቸው ጣራ ነድለው አወረዱት። እኔ ሁልጊዜ የምቆምባት ቁጥር 5 ናት። “እምነታቸውን አይቶ” ይላል። የተሸከሙትን ሰዎች እምነት አይቶ ሽባውን አነጋገረው። በሽተኛው ራሱ ያምን እንደሆነ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተጻፈም። ምናልባት ተስፋው ያለቀ ሰው ነበር፤ ሰዎች ግን ተሸከሙለት።

ከእርሱ ጋር ዮሐንስ 5ን አስተያዩ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ “መጻጉዕ” ተብሎ የሚነበበው ነው። ያ ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሟል፤ ልትድን ትወዳለህን ሲባል የመለሰው “ሰው የለኝም” ብሎ ነው። ከበሽታው ይልቅ የከበደው ይህ ነው እላለሁ። አንዱ አራት ሰው አለው፣ አንዱ አንድም የለው።

---

ስፌተኛዋ
ጥቅምት 25፣ ከቀኑ 7፡20

አባቴ፣ ፈራሁ። በሁለቱም ታሪክ ሰውየው ይነሣል፣ አልጋውን ተሸክሞ ይሄዳል። የእኔ ባል ያን ሰምቶ በማግስቱ እግሩ እንደ ትናንቱ ሲሆንበትስ?

---

የዳዊት ደጋሚ
ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 2፡00

ተገቢ ፍርሃት ነው። እኔ ይነሣል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ሐናንያ መሆን አልፈልግም። “ተስፋ” የምንለው ቃል ከግእዙ “ተሰፈወ” የወጣ ነው፤ ተጠባበቀ ማለት ነው። የሚጠባበቅ ሰው እጁ ገና ባዶ ነው። ለባልሽ እንዲህ ብለሽ አንብቢለት፤ መጨረሻው ላይ ሳትደርሺ፣ አልጋው በገመድ ወርዶ መሬት የነካ ቦታ ላይ አቁሚ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሱ ከፈለገ ይጠይቅሽ።

---

መስኮት ዳር
ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 2፡18

እኔ የምኖረው ከእናንተ ሦስት ብሎክ ርቄ ነው። በዚህ ሁሉ አላምንም፤ እንዳትጠብቁኝ። ግን ክብደት አነሣለሁ፣ እሑድም ሥራ የለኝም። ከሰማያዊ ሚኒባስ ጋር ሁለት ሆንን። ሁለት ሰው ይቀራል።

---

ሰማያዊ ሚኒባስ
ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 2፡26

ረዳቴ ሦስተኛ ነው። ቀጭን ነው ግን ጄሪካን ሲያነሣ አይቼዋለሁ።

---

የማለዳ አንባቢ
ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 2፡40

“የኤርምያስ መጋረጃ” ያልኳችሁ ባለቤቴ አራተኛ ነው። አልጠየቅኩትም፣ ግን ይመጣል።

---

ፊዚዮ
ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 3፡05

እንግዲህ ስሙኝ። ከቀጠሮው በፊት እሑድ ሞክሩት፤ ሲወርድም ለፀሐይ ይሁን። መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ይሁን፤ ፕላስቲክ አይሆንም። በሰፊ ነጠላ ወይም በቀበቶ ወገቡ ላይ እሰሩት። ፊቱ ወደሚወርድበት አቅጣጫ፣ ወንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ፤ ጠንካሮቹ ሁለት ሰዎች ከኋላ በኩል። በየመዞሪያው አሳርፉት። ከሁሉ በላይ ቀኝ እጁን ማንም እንዳይጎትት፤ የደከመ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወጣል። እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጡለት። ከመውረዱ በፊት የደም ግፊቱ ይለካ፤ መለኪያ ይዤ እመጣለሁ።

---

ስፌተኛዋ
ጥቅምት 29፣ ከምሽቱ 2፡15

ወረደ።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ የነበራችሁትም ታርሙኛላችሁ። ጠዋት ስለነበር፣ ጥቅምትም ነውና ብርዱ ይጋረፋል፤ ጋቢ ደረብንለት። መጀመሪያ አልወርድም ብሎ ነበር። “እንደ ሬሳ ሳጥን” አለ። ይህን ሲል ሁሉም ዝም አሉ። መስኮት ዳር ነው የመለሰለት፦ “ጋሼ፣ ሬሳ በእግሩ በኩል ነው የሚወጣው፤ እርስዎ ግን ዓይንዎን ገልጠው መንገዱን እያሳዩን ነው።” ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ባለቤቴ ግን ሳቀና “ሾፌሩ እኔ ነኝ ማለት ነው” አለ። ከዚያ እስከ ታች ድረስ “ቀስ! ወደ ግራ ጠምዝዝ! ፍሬን!” እያለ አወረዳቸው።

ሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ የወንበሩ እግር ተሰነጠቀ። ረዳቱ ጉልበቱን ከሥር አስገብቶ ያዘው፤ ሱሪው ተቀደደ። ሱሪውን ሰፍቼለታለሁ። ጎረቤቶች በራቸውን ከፍተው ወጡ፤ አምስት ወር ሙሉ ከበላያቸው ሰው መኖሩን ያላወቁ ሰዎች። ከሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት “እስካሁን ለምን አልነገራችሁንም?” ብለው ተቆጡኝ። በእርግጥም አልነገርኩም።

ከሕንፃው ጀርባ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። ስለ መኪና ነበር ወሬው፤ ከሰማያዊ ሚኒባስ ጋር ስለ ፍሬን ሸራ ሲከራከሩ እኔ ቡና አፈላሁ። ሲወጣ የባሰ ከባድ ነበር። መስኮት ዳር ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር።

ማታ ማርቆስ 2ን አነበብኩለት፤ አባታችን እንዳሉት አልጋው ከወረደበት ላይ አቆምኩ። ዝም አለ። ጭራሽ የተኛ መሰለኝ። ከዚያ “ጣራውን ማን ጠገነው?” አለኝ። “የቱን ጣራ?” ብለው፣ “የነደሉትን ነዋ። ሰው ተሸክመው መጡ፣ ነደሉ፣ ደግ። የቤቱ ባለቤትስ?” አለኝ። መልሱን ፈልጌ አጣሁት። አባቴ፣ እርስዎ ያውቃሉ?

---

የዳዊት ደጋሚ
ኅዳር 1፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሰባ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ወንጌሉ አይናገርም። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ እኔም እያሰብሁበት ነው።

---

መስኮት ዳር
ኅዳር 1፣ ከጠዋቱ 4፡12

ኮንዶሚኒየም ቢሆን ኖሮ የብሎኩ ኮሚቴ አራቱንም ይቀጣቸው ነበር።

በነገራችን ላይ ወንበሩን ወስጄ ብየዳ ቤት አስጠግኜዋለሁ፤ አሁን እግሩ ብረት ነው። የሐኪሙ ቀጠሮ ኅዳር 6 ነው አይደል? ስንት ሰዓት እንምጣ?

---

ስፌተኛዋ
ኅዳር 1፣ ከቀኑ 6፡30

ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ቁርስ እኔ ዘንድ ነው፤ ረዳቱን ሌላ ሱሪ ይልበስ በሉት።